ምርቱ አደገ፤ የገበሬው ቤተሰብ ግን ስለምን ከደረጃው አልወጣም?

ከግብርና ኤክስቴንሽን ዘጋቢያችን

ከገበሬ ማኅበራት ወደ ወረዳ በሚላከው ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ የማይጠፋ አንድ አሃዝ አለ። እርሱም በሄክታር ስንት ኩንታል እንደተገኘ የሚገልጸው ነው። ይህ አሃዝ ባለፉት ሃያ ዓመታት ከፍ እያለ መምጣቱ አይካድም። ነገር ግን በዚያው ሪፖርት ውስጥ የማይገኝ ሌላ ጥያቄ አለ። የዛሬ አምስት ዓመት አንድ በሬ ብቻ የነበረው ቤተሰብ ዛሬ ሁለት ጠምዷልን? ወይስ ያንኑም ሸጦ መሬቱን ለሌላ በእኩል ሰጥቷል? የመካከለኛው ገበሬ ልጅ ጎጆ ሲወጣ ከአባቱ ደረጃ ደርሷልን? ወይስ ከአባቱ በታች ጀምሮ እዚያው ቀርቷል?

እነዚህን ጥያቄዎች በየቀበሌው ስንመረምር አንድ አሳሳቢ ሁኔታ እናገኛለን። ድሃው ገበሬ ወደ መካከለኛው ተርታ የሚወጣበት መንገድ እየጠበበ፣ መካከለኛው ወደ ድሃው ተርታ የሚወርድበት መንገድ ግን እየሰፋ መጥቷል። መውጣቱ ብዙ ዓመት የሚፈጅ ሲሆን፣ መውረዱ በአንድ ክረምት ይፈጸማል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በበሬ በሚታረሰው ደጋና ወይና ደጋ የሚታየውን ይህን ሁኔታ መንስዔውን ማብራራትና የቀበሌ ገበሬ ማኅበርም ሆነ የኅብረት ሥራ ማኅበር መሪዎች በአቅማቸው ሊያደርጉት የሚችሉትን መጠቆም ነው።

ቀድሞ የነበረው መንገድ

አንድ ወጣት ከትንሽ ተነሥቶ ሙሉ ገበሬ የሚሆንበት መንገድ በአገራችን ገጠር የታወቀ ነው። ከወላጆቹ ጥቂት መሬት ይቀበላል። ዶሮ አርብቶ በግ ይገዛል፤ በጉን አራብቶ ጊደር ያደርሳል፤ ወይም የሌላ ሰው ላም በርቢ ይዞ ከሚወለደው ድርሻውን ያገኛል። ወይፈኑ ለቀንበር ሲደርስ ባለ አንድ በሬ ይሆንና ከእኩያው ጋር በመቀናጆ ያርሳል። ሁለተኛውን በሬ የጨመረ ዕለት ማንንም ሳይጠብቅ ዝናቡን ተከትሎ ማረስ ይችላል። ከዚያ በኋላ የበሬ የሌለውን ሰው መሬት በእኩል ይዞ ያርሳል፤ የቆርቆሮ ቤት ይሠራል፤ ልጆቹን ያስተምራል።

ይህ መንገድ በየዘመኑ መሰናክል አጋጥሞታል። ከ1967 ዓ.ም. በፊት ጭሰኛው የቱንም ያህል ቢደክም የምርቱ ሲሶ ወይም እኩሌታ ለባለመሬቱ ይሄድ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ በአርሲ የተጀመረው የጪላሎ የእርሻ ልማት ሥራ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ባስተዋወቀ ጊዜ፣ እርሻ አትራፊ መሆኑን ያዩ ባለመሬቶች በትራክተር ማረስ ጀምረው ብዙ ጭሰኞችን ከመሬት ማፈናቀላቸው የሚታወስ ነው። የምርት ማደግ ብቻውን ለድሃው መውጫ እንደማይሆን ያን ጊዜም ታይቷል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31/1967 ጭሰኝነትን አስወገደ። ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ገበሬ ማኅበራትም በ800 ሄክታር መሬት ላይ እንዲቋቋሙ ደነገገ። ድሃው ገበሬ መሬት አገኘ። ሆኖም መሬት ማከራየትና ሠራተኛ መቅጠር ስለተከለከለ፣ እህልም በተወሰነ ዋጋ በኮታ እንዲቀርብ ይገደድ ስለነበር፣ ከመካከለኛው በላይ የሚያወጣው በር ጠባብ ነበር። የኮታው ግዴታ የቀረው በ1982 ዓ.ም. ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ ገበሬውም መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት እንዳለው ደንግጓል። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. ሰፊ የመሬት ድልድል ተካሄደ። ከዚያ ወዲህ ግን በክልሉ እንዲህ ያለ ድልድል አልተደገመም። በምትኩ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ተሰጠ። ደብተሩ ለባለይዞታው ዋስትና ሰጥቶታል፤ ለሚስቶችም መብት ጥሩ መሠረት ሆኗል። ይሁን እንጂ ከድልድሉ በኋላ ለአካለ መጠን ለደረሰው ወጣት በሩ በአብዛኛው ተዘጋ። እርሱ መሬት የሚያገኘው አባቱ ቆርሶ ሲሰጠው ወይም ሲሞት ብቻ ነው።

የእጥፍ ምርትና የግማሽ መሬት ሒሳብ

የጥቅምት 1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የአገሪቱን ሕዝብ ከ53 ሚሊዮን በላይ አድርሶት ነበር። በግንቦት 1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ73 ሚሊዮን በላይ ሆነ። በአሥራ ሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ 20 ሚሊዮን ሰው ተጨምሯል ማለት ነው። አብዛኛው የተጨመረው በገጠር ነው። መሬቱ ግን አልተጨመረም። በዚህ ምክንያት የብዙው ገበሬ ይዞታ ከአንድ ሄክታር በታች ሆኗል።

አሁን አንድ ሒሳብ እንሥራ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤፍ አማካይ ምርት በሄክታር ከ10 ኩንታል በታች፣ ከ8 እስከ 9 ኩንታል ገደማ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ከ17 ኩንታል በላይ ደርሷል። ምርቱ እጥፍ ሆነ እንበል። አባትየው በዚያን ጊዜ አራት ጥማድ፣ ይኸውም አንድ ሄክታር፣ አርሶ 8 ወይም 9 ኩንታል ያገኝ ነበር። ልጁ ደግሞ ዛሬ ከወንድሙ ጋር ተካፍሎ በደረሰው ሁለት ጥማድ ላይ፣ በአዲሱ አሠራር ቢያርስ፣ የሚያገኘው ያው 8 ወይም 9 ኩንታል ነው። ሃያ ዓመት የተደከመበት የምርት ዕድገት በመሬቱ መከፈል ተዋጠ ማለት ነው።

ልዩነቱ ይህ ብቻ ቢሆን ልጁ ከአባቱ ጋር እኩል ነው ባልን። ግን አይደለም። አባትየው ያንን ምርት ያገኘው በአብዛኛው ያለ ማዳበሪያ ወይም በጥቂት ማዳበሪያ ነው። ልጁ ግን ለብዙ ዓመታት በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ፣ በኋላም በዳፑ ፋንታ ኤን.ፒ.ኤስ. ሲመከር የቆየውን ግብዓት በዕዳ ወይም በጥሬ ገንዘብ ገዝቶ ነው። አንድ ሰው በዓመት ሁለት ኩንታል ያህል እህል ይፈልጋል ብለን ብንገምት፣ አምስት ነፍስ ላለው ቤተሰብ አሥር ኩንታል ያስፈልጋል። ዘሩ ሳይነሳ፣ ዕዳው ሳይከፈል፣ ምርቱ ከቀለቡ አነሰ። ከዚህ ውስጥ ተርፎ ጊደር የሚገዛ ምንም የለም።

ማዳበሪያው ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ የሚገባ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። መንግሥት ድጎማ ቢያደርግም እንኳ እንዲህ ያለው ለውጥ በሁለት ጥማድ ባለቤት ትከሻ ላይ ያርፋል። በ2015 ዓ.ም. እንደታየው ደግሞ ማዳበሪያው በወቅቱ ሳይደርስ የቀረ እንደሆነ ችግሩ የዋጋ ብቻ አይሆንም።

እርግጥ ነው፣ የወጡም አሉ። በመንግሥት ጥናት መሠረት ከድህነት ወለል በታች የነበረው ሕዝብ በ1988 ዓ.ም. ከመቶ 45.5 እጅ ሲሆን፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ 23.5 እጅ ዝቅ ብሏል። በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመረተ፣ መንገድ ዳር ባሕር ዛፍ ተክሎ የሸጠ፣ ለከተማ ቅርብ ሆኖ ወተት ያቀረበ ገበሬ ተለውጧል። ነገር ግን ከእነዚህ ብዙዎቹ ቀድሞም ውሃ ወይም መንገድ ወይም መነሻ ጥሪት የነበራቸው ናቸው። በገጠር እጅግ ድሃ የሆነው ክፍል ከዕድገቱ የደረሰው ድርሻ ጥቂት ነው። በአማካይ አሃዝ ውስጥ ይህ ሰው አይታይም።

በጥር ሸጦ በሐምሌ መግዛት

መካከለኛውን ገበሬ ወደ ታች ከሚያወርዱት ነገሮች አንዱ የጊዜ አለመገጣጠም ነው። የብድር መክፈያው፣ የመሬት ግብሩ፣ የማኅበሩ መዋጮ፣ ሠርጉና ተዝካሩ ሁሉ የሚውሉት ምርት በሚሰበሰብበት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት ሁሉም ገበሬ አንድ ላይ ስለሚሸጥ ዋጋው ዝቅ ይላል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ግን ጎተራው ባዶ ይሆናል፤ የሸጠውም ሰው መልሶ ገዢ ይሆናል።

ለምሳሌ ያህል፣ ከጥር እስከ ሐምሌ የእህሉ ዋጋ በሲሶ ብቻ ይጨምራል እንበል። በጥር አራት ኩንታል የሸጠ ገበሬ ያንኑ አራት ኩንታል በሐምሌ ለመግዛት በጥር ዋጋ ከአምስት ኩንታል በላይ የሚያወጣ ገንዘብ ያስፈልገዋል። ከአንድ ኩንታል በላይ እህል ሳይበላውና ሳይዘራው ከቤቱ ወጣ ማለት ነው። ይህንን ጉድለት የሚሞላው በግ በመሸጥ፣ ወይም በአራጣ በመበደር፣ ወይም መሬቱን በወለድ አገድ በመስጠት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከዚያ ዝቅ ብሎ ይጀምራል።

የዚህ ዓይነቱ አደጋ ትልቁ ምሳሌ በ1994 ዓ.ም. የደረሰው ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት በቆሎ እጅግ ጥሩ ምርት ሰጠ። ገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ወስዶ የተባለውን ሁሉ አደረገ። ምርቱ ሲበዛ ግን የሚገዛውና የሚያከማቸው ስላልነበረ ዋጋው ክፉኛ ወደቀ። ብዙ ገበሬ የማዳበሪያውን ዕዳ ለመክፈል አልቻለም፤ በሬውን የሸጠም ነበር። በሚቀጥለው ዘመን ማዳበሪያ የሚወስደው ቁጥር ቀነሰ፤ በላዩም በ1995 ዓ.ም. ድርቅ ተጨመረበት። ከዚህ የምንማረው ገበሬው በመጥፎ ዓመት ብቻ ሳይሆን በጥሩ ዓመትም ሊወርድ እንደሚችል ነው።

የበሬው ጉዳይ

በሬ ያጣ ቤተሰብ የሚያጣው አንድ ከብት ብቻ አይደለም፤ ወቅቱንም ያጣል። ጤፍ ማሳው ተደጋግሞ እንዲታረስ ይፈልጋል። በሬ የሌለው ሰው ግን የሚያርሰው ባለበሬዎቹ የራሳቸውን ሲጨርሱ ነው። ዘግይቶ ይዘራል፤ ዝናቡም ቀድሞ ይወጣበታል። የበሬውን ኪራይ በእህል ወይም በጉልበት ከፍሎ ከሌላው ያነሰ ያገኛል።

ይህ ሲደጋገም መሬቱን በእኩል ለባለበሬ መስጠት ይመጣል። እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ከ1967 ዓ.ም. በፊት መሬት የሌለው ጭሰኛ ለባለመሬቱ ይገብር ነበር። ዛሬ በብዙ ቦታ መሬቱ በስሙ የተመዘገበለት ሰው፣ በተለይም ባሏ የሞተባት ሴት፣ አረጋዊና ሕመምተኛ፣ የምርቱን እኩሌታ ወይም ከዚያ ያነሰ ተቀብሎ ይኖራል፤ ቀሪውን የሚወስደው በሬና ጥሬ ገንዘብ ያለው ነው። ሕጉ ማከራየትን ይፈቅዳል፤ ባለበሬውም ሥራ ይሠራል፤ ስለዚህ ነገሩ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ውሉ በቃል ብቻ ሲሆን፣ ድርሻው በየዓመቱ ሲቀነስና ለብዙ ዓመት የሚሆነው ኪራይ ባለመሬቱ በተቸገረበት በሐምሌ ቀን በጥቂት ብር ሲታሰር ነው።

በሬን የሚያሳጡት ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። በ2008 ዓ.ም. የደረሰው ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ለዕርዳታ ዳርጓል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተካሄደው ጦርነት፣ ከዚያ ወዲህም በልዩ ልዩ አካባቢዎች የቀጠለው ግጭት ከብት አስነድቷል፣ ጎተራ አስቃጥሏል፣ ቤተሰብ አፈናቅሏል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ብዙ ቤተሰብ ያለችውን ከብት ሳይሸጥ ክረምቱን እንዲያልፍ ረድቷል። ሆኖም ፕሮግራሙ «ምርቃት» የሚለው፣ ይኸውም ተረጂው ጥሪት አፍርቶ ራሱን ችሎ መውጣቱ፣ የታሰበውን ያህል አልሆነም። መውደቅን ማስቆምና ማውጣት የተለያዩ ሥራዎች ስለሆኑ ነው።

ትምህርትና ስደት

መሬቱ ሲያንስ ገበሬው ተስፋውን በትምህርት ላይ አድርጎ ነበር። በግ ሸጦ ደብተር ገዛ፤ ልጁን ከተማ ቤት ተከራይቶ አስተማረ። በ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ግን በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ከመቶ 3.3 እጅ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 እጅ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 እጅ ብቻ ናቸው። ይህ የመላው አገሪቱ አሃዝ ነው። መጽሐፍና መምህር በተሟላለት የከተማ ትምህርት ቤትና በገጠሩ መካከል ያለውን ልዩነት ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። አሥራ ሁለት ዓመት የተማረው ወጣት ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ መሬቱ ግን አልጠበቀውም።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ስደት ነው። ልጅቱን ወደ ዓረብ አገር፣ ልጁን በጂቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ለመላክ ቤተሰቡ በሬውን ይሸጣል፤ መሬቱን ለዓመታት ያከራያል፤ ለደላላ ይከፍላል። የቀናው ቆርቆሮ ቤት ይሠራል፤ ወንድሞቹንም ያቋቁማል። ያልቀናው ግን ከነዕዳው ይመለሳል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ ስትመልስ፣ ብዙዎቹ የተመለሱት በሬው ወደተሸጠበት ቤት ነው።

ማኅበራት ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?

የምንዛሪ ዋጋ፣ የማዳበሪያ ግዢ፣ የአገር ሰላም፣ የከተማ ሥራና የትምህርት ጥራት ከአንድ ቀበሌ አቅም በላይ ናቸው። እነዚህን በሚመለከተው ሁሉ ፊት በግልጽ መጠየቅ የመሪዎች ተግባር ነው። ነገር ግን በማኅበራቱ እጅ ያሉ ሥራዎችም ጥቂት አይደሉም።

አንደኛ፣ የኩንታል ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ መዝገብ ይያዝ። በየዓመቱ ጥር ላይ እያንዳንዱ አባወራና እማወራ ስንት በሬ እንዳለው፣ መሬቱን ራሱ እንደሚያርስ ወይም በእኩል እንደሰጠ፣ ዕዳ እንዳለበት ይመዝገብ። ከሁለት በሬ ወደ አንድ፣ ከአንድ ወደ ምንም የወረደው ቤተሰብ በዚያው ዓመት ይታወቅ። በወረደ በዓመቱ የተረዳ ቤተሰብ ሊመለስ ይችላል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን አስቸጋሪ ነው።

ሁለተኛ፣ እህል በጥር እንዳይጣል የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ይሥራ። አባሉ እህሉን አስቀምጦ በከፊል ዋጋው ዕዳውን ይከፍላል፤ ቀሪውን ዋጋው ሲሻሻል ይቀበላል። ጎተራው ከነቀዝ እንዲጠበቅ አየር የማያስገባውን ድርብርብ ከረጢት በጋራ መግዛት ይቻላል። ከብድር ተቋማት ጋር በመነጋገርም የመክፈያው ጊዜ በከፊል ወደ ግንቦት እንዲሸጋገር መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ብድር ለማዳበሪያ ብቻ አይሁን። በሬ ለሌለው ሰው ማዳበሪያ መስጠት ዘግይቶ በሚዘራ ማሳ ላይ ዕዳ መጨመር ሊሆን ይችላል። ለእርሱ መጀመሪያ የሚያስፈልገው በግ ወይም ጊደር ነው። የርቢው ልማድ በማኅበር ደረጃ ቢደራጅ፣ ከመጀመሪያው ውላጅ አንዱ ለሚቀጥለው ቤተሰብ እንዲተላለፍ ቢደረግ፣ ጥሪቱ ከቀበሌው ሳይወጣ ይራባል።

አራተኛ፣ በሬ በድንገት ሲሞት ቤተሰብ እንዳይወድቅ የከብት ዕድር ይጠናከር። ገደል የገባ በሬ ሥጋውን ተካፍሎ ዋጋውን ለባለቤቱ ማዋጣት ለገጠሩ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። ይህንን በመዝገብና በቋሚ መዋጮ ማጽናት ብቻ ነው የሚቀረው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

አምስተኛ፣ የእኩልና የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በምስክር ፊትና በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ገበሬው የመሬት መጠቀሚያ መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያስይዝ ፈቅዷል። ይህ ለመካከለኛው ገበሬ አዲስ በር ነው፤ ሳያስብ ለተበደረው ግን መሬቱን ለዓመታት የሚያሳጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አባላት ከመፈረማቸው በፊት ውሉ ይነበብላቸው፤ ሚስትም ትስማበት።

ስድስተኛ፣ መሬት የሌለው ወጣት በቀበሌው ሒሳብ ውስጥ ይግባ። ተከልሎ ያገገመ ተራራና ቦረቦር ለንብ፣ ለሣር፣ ለፍራፍሬና ለዛፍ ለወጣቶች በቡድን ሲሰጥ በየቦታው ታይቷል። ለጥቂት ዘመዶች ሳይሆን በግልጽ ስብሰባ ሲመደብ ውጤቱ የተሻለ ነው።

እነዚህ ሥራዎች ሁለት ጥማዱን አራት አያደርጉትም። የሚያደርጉት፣ ያለው በሬ እንዳይሸጥ፣ የተሸጠውም እንዲተካ መርዳት ነው። በሚቀጥለው ጥር ገበሬ ማኅበራት ሪፖርታቸውን ሲያዘጋጁ፣ ከኩንታሉ አሃዝ ጎን «በዚህ ዓመት ስንት ቤተሰብ ወጣ? ስንት ወረደ?» የሚል አንድ መስመር ቢጨምሩ፣ ወረዳውም ሆነ ክልሉ መልስ ሊሰጥበት የሚገባ ጥያቄ ከፊቱ ይቀርባል።